የቀጭኗ መስመር ነገር

በሰበታ ተወልጄ፣ በቡራዩ ጎጆ ቀልሼ፣ የዕለት እንጀራዬን በሱሉልታ የማገኝ ሰው ነኝና የሦስቱን ከተሞች ስም በየታፔላው ላይ ሳነብ እኖራለሁ። ማለዳ ከቡራዩ ወደ አዲስ አበባ ወርጄ፣ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ እስክደርስ ድረስ ሌላ ሥራ የለኝምና ዓይኔ ከፊደል ላይ አይነቀልም። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ ብዙ ታፔላ ስለ ተለወጠ የማነበው አላጣሁም።

ይህን የፊደል ፍቅር ያወረሱኝ አያቴ ናቸው። አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የመቃ ብዕራቸውን አፍ ጠፍጠፍ አድርገው ከቈረጡ በኋላ ብራናው ላይ ወደ ታች ሲስቡት ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲያስኬዱት ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይወጣው ነበር። ወፍራሙም ቀጭኑም ከአንድ ብዕር መውለዱ በልጅነቴ እንደ ምትሐት ይታየኝ ነበር።

በአውሮፓም ይህንኑ የውፍረትና የቅጥነት ልዩነት እስከ መጨረሻው የገፉት ሰዎች አሉ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፓሪስ የዲዶ ቤተ ሰብ፣ በኢጣልያ በፓርማ ከተማ ደግሞ ጃምባቲስታ ቦዶኒ ወፍራሙን አወፍረው ቀጭኑን አቅጥነው የማተሚያ ፊደል ቀረጹ። ወረቀቱ እየለሰለሰ፣ የብረት ቅርጹም እየረቀቀ ባይሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተቻለም ነበር። ዛሬ ቮግ የተባለው የፋሽን መጽሔት ስሙን የሚጽፈው ከዚሁ ወገን በሆነ ፊደል ነው፤ በእኛም አገር በሠርግ መጥሪያና በውበት ሳሎን ታፔላ ላይ የዚህ ዓይነት ላቲን ሞልቷል። የግእዝ ፊደል ግን በብረት ተቀርጾ ዳዊት በሮም ከታተመበት ከ1513 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ጀምሮ ወፍራምና ቀጭንን የተማረው ከቦዶኒ ሳይሆን ከመቃ ብዕር ነው። ይህን ስጽፍ ጥቂት ኩራት እንደሚሰማኝ አንባቢ ይወቅልኝ።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ባለፈው ዓመት በመሥሪያ ቤታችን ማመልከቻቸው የተሟላላቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር አዘጋጅቼ እንድለጥፍ ታዘዝሁ። ስሙ የወጣለት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ቀርቦ ካልፈረመ ተራው ያልፋል። እኔም ከኮምፒዩተሩ ውስጥ አያቴን የሚያስታውሰኝን፣ ቋሚው ወፍራም አግድሙ ቀጭን የሆነውን ፊደል መርጬ ርእሱንም ስሙንም በእርሱ ጻፍሁ። በመስተዋቱ ላይ ሲታይ ያምር ነበር። ነገር ግን ስሞቹ ጥቃቅን ነበሩ፤ የማተሚያውም ቀለም ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር፤ የተለጠፈውም የፎቶ ኮፒው ፎቶ ኮፒ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ቢሮዬ ገቡ። «ልጄ፣ ስሜ ሳይወጣ ቀረ ወይ?» አሉኝ። መዝገቡን ገልጬ ባየው ስማቸው ወጥቷል፤ ቀኑም አልፏል።

«አባቴ፣ ከወጣ እኮ ቈየ። አላዩትም እንዴ?»

«በመጀመሪያው ቀን መጥቼ አንድ በአንድ አንብቤአለሁ። የእኔን የሚመስል አንድ ስም አለ፤ የእኔ ግን አይደለም።»

አብረን ወደ ግድግዳው ሄድን። ስማቸውን ለመግለጥ አልፈቅድም፤ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም ግን በካዕብ የሚያልቅ ነበር። ካዕብን ከግእዝ የምትለየው ደግሞ በቀኝ ጎን የምትወጣው አጭር መስመር ናት፤ እርስዋም ጠፍታለች። ብርሃኑ ቢሆን ብርሃነ፣ ኃይሉ ቢሆን ኃይለ ሆኖ ቀርቷል እንደ ማለት ነው። ሽማግሌው በመሠረተ ትምህርት ዘመን የተማሩ ናቸውና እንደ እኛ በግምት አያልፉም፤ የተጻፈውን ያነባሉ። የተጻፈው ደግሞ የሌላ ሰው ስም ነበር።

በዚያ ምሽት ወደ ቡራዩ ስመለስ አንድ ነገር አሰብሁ። ያቺ መስመር ብትጠፋ ሱሉልታ ሰለልታ፣ ቡራዩም በራየ ይሆናሉ፤ የትውልድ ከተማዬ ሰበታ ግን ካዕብ ስለሌላት ከዚህ ጉዳት ትድናለች። ከዚያችው ከሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ልጆች ነጥቡን በጣታቸው እየዳሰሱ ሲያነቡ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ እዚያ አንዲት ነጥብ ብትረግብ ፊደሉ ሌላ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህም ይጠነቀቃል። አያቴም ቢሆኑ ለቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን ወንጌል በጉልህ ሲጽፉ አንድ ብዕር፣ ትንሹን ዳዊት በረቂቅ ሲጽፉ ሌላ ብዕር ይይዙ ነበር። እኔ ግን የጉልሁን ብዕር ለረቂቁ አውዬዋለሁ።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጠቅሼ ለአለቃዬ ማስታወሻ ጻፍሁ። ለመጻፍ ሁለት ቀን ማመንታቴን አልደብቅም። የሽማግሌው ጉዳይ እንደገና እስኪታይ ሁለት ወር ፈጀ፤ በዚያ መካከል ከሱሉልታ ገጠር አምስት ጊዜ በእግራቸው ተመላልሰዋል።

አዲሱን ዝርዝር እኩል ውፍረት ባለው፣ ለዓይን ምንም በማይስብ ፊደል ጽፌ ለጠፍሁት። ርእሱን ግን በዚያው በምወደው ፊደል በትልቁ ጻፍሁ፤ በትልቅነቱ ቀጭኗ መስመር ከመንገዱ ማዶ ሳይቀር ትታያለች። ሽማግሌው ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና መጨረሻው ፊደል ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይቺን ነበር ያጣሁት» አሉኝ።