በጀቱ ላይ እምቢ ማለት የሚችል ማነው?

ወዳጆቼ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ስለ ጃፓን ትንሽ እንጫወት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሃይሩፍ ቁልቁል ያልወረደ የአገራችን ሰው የለም፤ አንዳንዱ መኪና በሩ ላይ የጃፓን ፊደል እንኳ ገና አልተላጠለትም። ከመኪናው በፊት ግን ከጃፓን የወሰድነው ትልቅ ነገር አለ፤ ሕገ መንግሥት።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የጸናው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ዋና አብነቱ የጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። ያ ሕግ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1881 ወጣ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ ከደሴ በስተሰሜን ውጫሌ ላይ፣ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር ተዋዋሉ። ኢትዮጵያም ጃፓንም ከአውሮፓ መዳፍ የሚድኑበትን መላ ይፈልጉ ነበር።

ሁለቱም ሕጎች ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ ይሰጣሉ። ታዲያ ጃፓን ውስጥ ፓርቲ እንዴት ሥር ሰደደ? እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ መልሱ ያለውም በጀቱ ዘንድ ነው። መጀመሪያ ላይ የመምረጥ መብት የነበረው ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ነው፤ እሱም ግብር የሚከፍል ወንድ። ቢሆንም እነዚሁ የመረጡት ምክር ቤት አዲሱን በጀት ካላጸደቀ መንግሥት ባምናው በጀት ከመቀጠል ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ጦርና መርከብ ማብዛት የፈለጉት ሹማምንት ሳይወዱ በግድ ከፓርቲዎቹ ጋር ተደራደሩ። ሕጉን ያረቀቁት ኢቶ ሂሮቡሚ ራሳቸው በ1893 ፓርቲ መሠረቱ፤ በ1911 የዚያው ፓርቲ መሪ ሃራ ታካሺ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። መንገዱ ቀና ነበር አልልም፤ በ1924 የባሕር ኃይል መኮንኖች ጠቅላይ ሚኒስትር ኢኑካይን ገደሉ፣ የፓርቲ መንግሥትም ለዓመታት ተቋረጠ።

እኛ ዘንድ የበጀቱ የመጨረሻ ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ሆነ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትንም የመረጡት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ምርጫ አመጣ፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። እናም በ1965 ወሎ ሲራብ፣ ገበሬው ልጁን አዝሎ አውራ ጎዳናው ዳር ሲወድቅ፣ ጠቅላይ ግዛቱ የአልጋ ወራሹ ነበር። መንግሥትን ጠይቆ በሕግ የሚያወርድ የተደራጀ ወገን አልነበረም።

የሆነውን ታውቃላችሁ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከሦስት ቀን በኋላ ቶክዮ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ታናካ ካኩኤይ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ያስጨነቃቸው ስለ ሀብታቸው አንድ መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ነበር። ፓርቲያቸው ሌላ ሰው ተካ፤ ደም አልፈሰሰም።

ወዳጆቼ፣ ወሎን ወክዬ ፓርላማ ልግባ የሚል ሰው ሲመጣባችሁ ስለ መንገድና ስለ ውኃ ብቻ አትጠይቁት። በጀት ሲቀርብለት እምቢ ለማለት አቅምም ወገንም እንዳለው ጠይቁት።