ልብሱን አውልቅለት

መሀል አገር ሽመል ለዱላ ነው፤ አሶሳ ክረምት ሲገባ ለወጥም ይሆናል። ደግሞ ሽመል በሽ ነው፤ ሽመል ከሚባለው የአገራችን የቆላ ቀርከሃ አብዛኛው ያለው እዚሁ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ነው። ሐምሌ ላይ ከሥሩ ሹል ሹል ቡቃያ ብቅ ይላል። ያኔ መሽቀዳደም ነው፤ ትንሽ ከቆየ እንጨት ሆኖ ቁጭ!

የበርታ ተወላጇ ጎረቤቴ አንዱን አስይዘውኝ፣ “በል ልጄ፣ ልብሱን አውልቅለት” አሉኝ። አንዱን ቅርፊት ስገፍ ሌላ፣ እሱን ስገፍ ሌላ። ክንድ የሚያህለው ቡቃያ ተልጦ ሲያልቅ እፍኝ የማትሞላ ነጭ ለጋ ሆነች።

“እማማ፣ የገዛነው ልብስ ነው እንዴ?”

“ብርዱን አታይም?” አሉና ከትፈው ቀቀሉት። የመጀመሪያውን ውሃ ደፉት፤ መራራነቱ አብሮት ይሄዳል። ወጥ ሠርተው ደርቆ የተፈጨ ባሚያ ነሰነሱበትና ከማሽላ ገንፎ ጋር አቀረቡት።

ባሚያ የገባበት ወጥ ይዝለገለጋል፤ ለለመደ ጠቅሶ ጠቅለል ነው። የኔ ከሳህኑ እስከ አገጬ ክር ዘረጋ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እማማ ተቆጧቸውና ጭልፋውን አነሱ፤ “ተዋቸው፣ እነሱም እንዲህ ነበሩ። ጨምር!”