ጉትቻ ያደረገው ጅብ

ዓለም ተጫውቶ የጠገበው ነገር ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ቅሬታ የለንም። ፋይናል ፋንታሲ 8 የሚባለው ጌም በ1999 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ሲወጣ እኛ ገና ጡት አልጣልንም ነበር። እጃችን የገባው በ2007 ዓ.ም.፣ አሥረኛ ክፍል ሳለን ነው። የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ከአዲስ አበባ በፍላሽ ይዞት መጣና፣ የድሮ ፕሌይስቴሽን ጨዋታ በኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም ጭኖልን ተመለሰ።

አምስት ነበርን። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ፕሌይስቴሽን ቤት እየከፈለ ኳስ ሲጫወት፣ እኛ የጓደኛችን ቤት ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተሩን ከበን፣ መዝገበ ቃላት ጭናችን ላይ አድርገን እንጫወታለን። እንጫወታለን ከማለት እናነባለን ቢባል ይቀላል። ይሄ ዓይነቱ ጌም ሮል ፕሌይንግ ይባላል፤ ገጸ ባሕሪውን ሆናችሁ ታሪኩን የምትኖሩበት፣ ከውጊያው ወሬው የሚበዛበት ነው። መብራት ሲጠፋ (ይጠፋል!) ሴቭ ያላደረግነው የሦስት ሰዓት ድካም አብሮ ይጠፋል። ሻማ ይለኮሳል። ያኔ ነው እንግዲህ ቲዎሪ የሚጀመረው።

ለማታውቁት በአጭሩ፦ ስኳል የሚባል ኩርፍተኛ የ17 ዓመት ወታደር አለ፤ ሪኖዋ የምትባል ልጅ ትወደዋለች። ከሩቅ ዘመን የመጣች አልቲሚሺያ የምትባል ጠንቋይ ደግሞ ያለፈውንም የሚመጣውንም ጊዜ ጨፍልቃ አንድ ልታደርግ ትፈልጋለች። በዓለም ዙሪያ የጌሙ ወዳጆች ለዓመታት የተከራከሩበት ጥያቄ ይሄ ነው፦ ጠንቋይዋ ራሷ ሪኖዋ ብትሆንስ? ፍቅረኛዋ ሞቶባት፣ ዘመናት ኖራ፣ ስሙን እንኳ ረስታ፣ ወደ እሱ ለመመለስ ጊዜን የምታፈርስ ሪኖዋ?

ይህንን እኛ ከማንም አልሰማንም፤ ከመካከላችን የአንዷ ግኝት ነበር። እንግሊዝኛዋ ከሁላችን ይሻላል፣ መዝገበ ቃላቱንም የምትይዘው እሷ ናት። ማስረጃዋን በጣቷ ትቆጥርልናለች። አንደኛ፣ ሪኖዋ በታሪኩ መሀል ራሷ ጠንቋይ ትሆናለች። ሁለተኛ፣ በዚያ ዓለም ጠንቋይ ኃይሏን ለሌላ ሳታወርስ አትሞትም፤ ስለዚህ ዘመን መሻገር ትችላለች። ሦስተኛዋ ቀለበቷ ናት። ስኳል ግሪቨር የሚባል አንበሳ የተቀረጸበት ቀለበት ያደርጋል፤ አልቲሚሺያ በመጨረሻው ውጊያ የምትጠራው አውሬ ደግሞ ያው ግሪቨር ነው። «የሰውየውን ቀለበት ከየት አወቀችው?» ትለናለች፣ ሻማውን ወደ ፊቷ አስጠግታ። ጌሙ መልስ እንደሰጠበት፣ አውሬውን ከስኳል ልብ እንዳወጣችው ብንነግራትም አትሰማም። እኛም ደስ ይለን ነበር፣ ባትሰማ።

አገራችን ጎጃም ነው። በዲማና በዋሸራ ምድር ያደገ ልጅ፣ ቅኔ ቤት ባይገባም፣ የሰማውን ነገር ሁሉ ወርቁን ሳይጠይቅ አያልፍም። ከተማችን ራሷ ድሮ መንቆረር ነበረች። ንጉሣችን ተክለ ሃይማኖት በ1881 እ.ኤ.አ. ከመንገሣቸው በፊት ራስ አዳል ነበሩ። በላይ ዘለቀም አባ ኮስትር ነው። ሁለት ስም ለኛ ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ ጨዋታው ከስክሪኑ ወጣ። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛንና የከተማውን ሰው ማንነት መግለጥ ያዝን። የፊዚክስ መምህራችን የተደበቀ ዘፋኝ ነው፤ ማስረጃ፦ ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጡረታ የወጣ ሰላይ ነው፤ ማስረጃ፦ ጋዜጣ ገልብጦ ይይዛል። ቆሎ የሚሸጡልን እማማ ቤታቸው ውስጥ ወርቅ ቀብረዋል። እንስቅ ነበር፤ ሆዳችንን እስኪያመን።

ከዚያ ተራው የራሳችን ደረሰ። ስለ እሷም ተጻፈ። ቤቷን ማናችንም አናውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ትሄዳለች። ገበያ ቀን ፈጽሞ አትመጣም። ጥፍሯ ሥር ሁሌም ግራጫ የደረቀ ጭቃ አለ። ማስረጃው ሞልቶ ፈሰሰ። ከመካከላችን አንዱ ወይም አንዷ ከስሟ ሥር ጅብ ሣለ፤ ጆሮው ላይ ጉትቻ አንጠለጠለበት። ማን እንደሣለው አንናገርም። ይህን ጽሑፍ «እኛ» እያልን የምንጽፈውም ግማሹ ምክንያት እሱ ነው።

ጎጃም ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቀን ሰው ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል፤ አንድ ጊዜ ጅብ ተገድሎ ጆሮው ላይ የጎረቤት ጉትቻ ተገኘ እየተባለ ይተረካል። የት? መቼ? ማን ገደለው? የሚጠይቅ የለም። እኛም ስንስለው «ሸክላ» የሚለው ነገር በሐሳባችን አልነበረም፣ ዝም ብሎ ሌሊት የምትጠፋ ልጅ ለማለት ነው፤ ቢያንስ ለራሳችን የምንነግረው እንዲህ ነው።

ሥዕሉን አየችው። ሳቀች። «ጉትቻው አያምርም» አለች። ደብተሩን ዘጋችና ያን ዕለት እስክትሄድ ድረስ ስኳልን እሷ አጫወተችው።

ሻይ ይዘው የገቡት የቤቱ እናት ግን ሥዕሉን አይተውት ነበር። በማግስቱ አጠያይቀው ደረሱበት፤ እናቷ ጀበናና ድስት እየሠራች ገበያ የምትሸጥ ናት። «የማን ልጅ እንደሆነች ሳታውቁ ነው ቤቴ የምታስገቧት?» አሉን። የጠጣችበት ብርጭቆ ከመደርደሪያው ጠፋ። ከበሩ አጠገብ ጤና አዳም ተንጠለጠለ። እኛ አራታችን ቆመን ሰማን። አንዳችንም «እማማ፣ ቀልድ ነው እኮ፣ እኛ ነን የፈጠርነው» አላልንም። ደጉ ሴትዮ ናቸው፣ እውነት፤ ስንቱን ቀን ዳቦ ጋግረው አብልተውናል።

እሷ ተመልሳ አልመጣችም። ማን እንደነገራት አናውቅም። በክፍል ውስጥ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረች፤ ሰላም ስንላት ሰላም ትለናለች። ጌሙን ያለ እሷ ጨረስነው። መጨረሻው ላይ የሪኖዋ ፊት ሲመጣ ማስረጃ የሚቆጥርልን አጣን።

በኋላ ጋዜጠኝነት ስንማር «ምንጩ ማነው?» የሚለው ጥያቄ በየክፍሉ ይደገም ነበር፤ በሰማነው ቁጥር ያ ደብተር ትዝ ይለናል። የጌሙ ቲዎሪ ቢያንስ የሚጠየቅ ባለቤት ነበረው። ዳይሬክተሩ ዮሺኖሪ ኪታሴ በ2017 እ.ኤ.አ. ተጠይቆ ሪኖዋ አልቲሚሺያ እንዳልሆነች፣ ሁለቱም ጠንቋይ ከመሆናቸው በቀር እንደማይገናኙ ተናገረ፤ ክርክሩም ለሚሰማ ሰው እዚያው አለቀ። የጅቡን ቲዎሪ ግን ማን ያስተባብለዋል? ልጅቱ ሌሊት ቤቷ ተኝታ ብትገኝ «ነፍሷ ናት የወጣችው» ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው እንግዲህ እኛ ብርጭቆው ሲጠፋ ያየነው።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሁለታችን ለእረፍት ማርቆስ ገብተን መንገድ ላይ አገኘናት። ዝናብ ስለነበር አንድ ጀበና ቡና ሥር ተጠለልን። ስለ ሥራ አወራን፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ማን አገባ ማን ወለደ። ስለ ደብተሩ ይቅርታ ለመጠየቅ አፋችንን ስንከፍት ቀደመችን።

«ስሙማ፣ ሪኖዋ ነበረች ወይስ አልነበረችም?»

ኪታሴ ያለውን ነገርናት።

«እሱ ምን ያውቃል!» አለች፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ባለ ቡናዋ ስትቀዳ ጀበናው አንጠባጥቦ ረከቦቱን አጨቀየው። ጎንበስ ብላ አፉን አየችው።

«ይሄ የእናቴ ሥራ አይደለም» አለች። «የእናቴ ሲቀዳ አያንጠባጥብም።»

ስለ እናቷ ስታወራ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር።