መቼ ነው የማቆመው?

ሰዎች የሥነ ልቦና ባለሙያ መሆኔን ሲሰሙ ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንደኛው «አሁን ስታየኝ የማስበውን ታውቀዋለህ?» የሚለው ነው፤ ፈገግ ብዬ አልፈዋለሁ። ሁለተኛው «ከኪኒንና ከምክር የቱ ይሻላል?» የሚል ነው። ለዚህኛው ለብዙ ዓመት የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም፤ የማያዙትን ነገር ማናናቅ ደግሞ ቀላል ነው። «ኪኒን ሕመሙን ያስተኛዋል እንጂ አይነቅለውም» እል ነበር። አባባሉ ሳይጥመኝም አልቀረ።

ይህን አባባል ያስተዉኝ አንዲት እናት ናቸው። ማንነታቸው እንዳይለይ አንዳንዱን ነገር ለውጬዋለሁ። መጀመሪያ ሲመጡ አዝኛለሁ ወይም ተጨንቄአለሁ አላሉኝም፤ እንዲያ ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ አጣሁ ነው ያሉኝ። የጨጓራው፣ የልቡ፣ የደሙ ምርመራ በአንድ ፌስታል ታጭቋል፤ ሁሉም «ምንም የለብዎትም» ይላል። እየታመመ ምንም የለብህም የተባለን ሰው ብስጭት የቀመሰ ያውቀዋል። ሰንበቴ ቀርተዋል። የጎረቤት ቡና ከቀመሱ 8 ወር አልፏቸዋል።

ወደ አእምሮ ሐኪም ላክኋቸው፤ አሚትሪፕቲሊን ታዘዘላቸው። በሳምንቱ ኪኒኑን ሳይነካ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ልጄ፣ ይኼ ሱስ ያስይዛል አሉኝ። አልወስደውም።»

«እንቅልፉስ እትዬ?»

«ለእሱማ ጎረቤቴ የምትሰጠኝ አንዲት ትንሽ ኪኒን አለች። ድሮ አንድ ነበረች፤ አሁን ሁለት ካልሆነች አታስተኛኝም።»

አምጥተው ሲያሳዩኝ ዲያዜፓም ነው። ፍርሃታቸው እውነት ነው፤ የተሳሳቱት በአድራሻው ነው። በየቀኑ ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት የሚለምደው፣ ጨምሩልኝ የሚለው፣ በድንገት ሲቋረጥም እስከ መንዘፍዘፍና መውደቅ ሊያደርስ የሚችለው ይኸው ከጎረቤት የሚመጣው ነው። አሚትሪፕቲሊን አምሮት አያስይዝም። የእሱ ጣጣ ሌላ ነው፦ አፍ ማድረቁና ማደንዘዙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስንቱ ሰው ጣጣውን ቀምሶ፣ ጥቅሙ ከደጅ ሳለ ይተወዋል!

ብዙ ተነጋግረን መውሰድ ጀመሩ። ዲያዜፓሙን ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ አስተዋቸው። እኛም በበኩላችን የቤት ሥራ ነበረን። የመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ተነሥቶ በረንዳ ላይ 10 ደቂቃ መቀመጥ ብቻ። ቀጥሎ ከጎረቤት ሄዶ አቦሉን ጠጥቶ መመለስ፤ ማውራት ግዴታ አይደለም። ከዚያ እስከ ቶና። የሚያስፈራን ነገር በትንንሹ እየቀረቡ ማስለመድ በሙያችን ጥንት የታወቀ ዘዴ ነው፤ በቡናው መለካቱ ግን የእኛው የሁለታችን ነው። በሦስተኛው ወር «ዛሬ በረካ ጠጥቼ መጣሁ» አሉኝ፤ ሳቁም። ከተዋወቅን ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያን ዕለት ሲወጡ ከበሩ ላይ መለስ ብለው «ታዲያ ኪኒኑን መቼ ነው የማቆመው?» አሉኝ።

አንባቢዬ፣ መልሱን አውቀው ነበር። ከዳኑ በኋላም ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ወር መቀጠል አለበት፤ ሲቆምም በሐኪም ምክር፣ እየተቀነሰ ነው። እኔ ግን በበረካው ኮርቼአለሁ። ያዳናቸው የእኔ ምክር እንዲሆን ፈልጌአለሁ። «ሰውነትዎ ይነግርዎታል» አልኋቸው። ሰውነታቸው የዚያኑ ማታ ነገራቸው መሰለኝ፣ ኪኒኑን ተዉት።

በ6ኛው ሳምንት ልጃቸው ብቻዋን መጣች። እናቷ ከአልጋ አይነሡም፣ እህል አይቀምሱም፤ ሌሊት «ምነው በሞትሁ» ሲሉ ሰምታለች። የዚያኑ ዕለት ከልጃቸው ጋር ሐኪም ዘንድ ይዘናቸው ሄድን። ሁለተኛው መዳን ከመጀመሪያው ይልቅ ረጅም ጊዜ ወሰደ።

ኩራቴ ከምን እንደመጣ አስቤበታለሁ። በትምህርት ዘመኔ ድብርት የአንጎል ኬሚካል ማነስ ነው ተብሎ ተነግሮኝ፣ እኔም ጨው እንዳነሰው ወጥ ነው እያልሁ ለሰው አስረድቼአለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የለንደን ተመራማሪዎች የተከማቸውን ጥናት መርምረው፣ ድብርት የሴሮቶኒን ማነስ ውጤት ለመሆኑ የጸና ማስረጃ አላገኘንም አሉ። እንደኔ ያለው ባለሙያ «አላልሁም?» ለማለት ይቸኩላል። ነገር ግን ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1957 ኢሚፕራሚን በድብርት የወደቁትን እንደሚያነሣ ሲጽፍ፣ መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሞከረው ለሌላ የአእምሮ ሕመም ነበር፤ ለምን እንደሚሠራም የሚያውቅ አልነበረም። መሥራቱ አንድ ጥያቄ ነው፤ ለምን እንደሚሠራ ሌላ። ሁለቱን የማምታታው እኔ ነበርሁ።

እትዬ ዛሬ ደህና ናቸው። ጠበላቸውንም ኪኒናቸውንም ይዘዋል። ያንኑ ጥያቄ በቅርቡ ደገሙልኝ፤ አብረን ሐኪሙ ዘንድ ሄደን የመቀነሻውን ቀን በወረቀት አጻፍን። ወረቀቱ ከምርመራዎቹ ጋር ፌስታሉ ውስጥ ገብቷል። ጎረቤቶቻቸው በቡና ላይ ኪኒን ሲውጡ አይተው የምን ነው ቢሏቸው «የልብ ነው» ብለዋል። ይህን ሲነግሩኝ ቀና ብለው አዩኝ። አላረምኋቸውም።