ጠብታው ስንት ነው?

በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ ጥያቄ አጠያየቅና ስለ ክፍል አያያዝ ነው። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ግን የሞተር ሳይክል ካቴና ዘይት ጉዳይ ነው። «ይኼ ደግሞ ከመምህርነት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልን ብቻ እንለምናለን። ጥፋታችንም እዚሁ ውስጥ ስላለ ሳንደብቅ ጽፈነዋል።

እኛ በአንድ መኝታ ክፍል የምናድር ሦስት ሠልጣኞች ነን። የአንዳችን ታላቅ ወንድም በመተሐራ አካባቢ የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነው። ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የሚዞረው በሞተር ሳይክል ነው። መንገዱ አቧራ በመሆኑ ካቴናው ቶሎ ይደርቅበታል፣ ይላላበታል፣ ጥርሱንም ይበላበታል። ባለፈው ክረምት ሞተሩን በአይሱዙ አስጭኖ ላከልንና በስልክ እንዲህ አለን፦ «መርካቶ ወስዳችሁ ካቴናውን አስቀይሩልኝ። ደግሞ በራሱ ዘይት የሚያጠጣ ነገር አለ ይባላል፤ እሱንም አስገጥሙልኝ።»

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ሲቢ 750 ከሞተሩ ዘይት ጥቂት ጥቂት ወደ ካቴናው የሚያፈስ መሣሪያ ነበረው፤ መጠኑም በብሎን ይስተካከል ነበር። ቆይቶ ደግሞ በስኮትላንድ የተሠራው ስኮትኦይለር የሚባለው መጣ፤ ይኸኛው ሞተሩ ሲነሳ በሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ተከፍቶ ሞተሩ ሲጠፋ ይዘጋል። የሁሉም ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም በካቴናው መጋጠሚያዎች ውስጥ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ፣ ዝገትም እንዳይገባ ማድረግ ነው።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ሞተሩን እየገፋን ሶማሌ ተራ ገባን። የመኪና መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ሶማሌ ተራን ያውቃል። ጭቃው፣ ተሸካሚው፣ «ዞር በል!» የሚለው ጩኸት መተላለፊያ አያስገኝም። ከአንድ ጠባብ ሱቅ በር ላይ ጋሼ የምንላቸውን አንድ አዛውንት መካኒክ አገኘን። ካቴናውን ለወጡ፤ መሐሉ ሲነካ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲንቀሳቀስ አድርገው ወጠሩት። «መጀመሪያ ይኼ ነው፤ የላላ ካቴና በዘይት አይጠብቅም» አሉን።

የፈረንጁ ዓይነት መሣሪያ አልነበራቸውም። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከመቀመጫው ሥር አሰሩ፣ ቀጭን ቱቦ አወረዱ፣ በቱቦው ላይም ጉሉኮስ ሲሰጥ ጠብታውን የሚቆጣጠረውን ዓይነት መክፈቻ አስገቡ። የቱቦውን ጫፍ ከኋላው ጥርስ ጎን አስጠጉት። ጥርሱ ሲሽከረከር ዘይቱን ወደ ውጭ እየገፋ ለካቴናው ያደርሰዋል ማለት ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንዳንጨምርበትም አስጠነቀቁን፤ ብናኝ ብረት ስላለበት ካቴናውን ይበላዋልና።

«ጋሼ፣ ስንት ጠብታ ይሁን?» አልናቸው።

«እናንተ ተማሪዎች አይደላችሁም እንዴ? ራሳችሁ እዩና ንገሩኝ እንጂ!»

ከዚያ የሳሙና ካርቶን ቀደዱና ከኋላው ጎማ ጎን አቆሙት። ሞተሩ በመቆሚያው ላይ እንዳለ ተነሣ፤ ጎማው ዞረ። መክፈቻውን ሰፋ አድርገን ለቀቅነው። ካርቶኑ ወዲያው በነጠብጣብ ተሞላ። «ይኼ እንግዲህ ጎማው ላይ የሚሄደው ነው፤ ማርም ሲበዛ ይመራል» አሉ። አጠበብነው፤ ካቴናው ደረቀ። እንዲህ ስንል፣ ሰዓት ይዘን ስንቆጥር፣ በደቂቃ አንድ ጠብታ ላይ ደረስን። ካቴናው ወዛ እንጂ አልረጠበም፤ አዲስ ያቆምነው ካርቶንም ንጹሕ ሆነ። ደስታችን ልክ አልነበረውም!

ልንሄድ ስንል ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እንዲህ አሉን፦ «ልብ በሉ፣ ይኼ የመርካቶ ጠብታ ነው። ዘይት በብርድ ይወፍራል፣ በሙቀት ይቀጥናል። ሰውየው ቆላ ሲደርስ እንደገና ይቁጠረው። ሲያቆምም ይዝጋው፤ ይኼ በራሱ አይዘጋም።» እኛም «እሺ ጋሼ» ብለን ተሰናበትን።

አሁን ወደ ጥፋታችን ደረስን። ሞተሩን መልሰን ስንጭን ከመሪው ላይ አንድ ወረቀት አሰርን። የጻፍንበትም «ተስተካክሏል፤ እንዳይነካ። ሲቆም ብቻ ይዘጋ» የሚል ነበር። ስለ መቁጠር አንድ ቃል አልጻፍንም። ረስተን ነው እንዳንል አልረሳንም። ግማሽ ቀን ሙሉ በደከምንበት ልክ ኮርተን ነበር፤ ሰው እንዲነካብን አልፈለግንም።

መርካቶ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ይላል፤ መተሐራ 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም። በክረምት ብርድ በደቂቃ አንድ ይንጠባጠብ የነበረው ዘይት በቆላው ቀትር እንደ ውሃ ቀጠነ። በጥቅምት ወር ስልክ ተደወለ። የወንድማችን ሞተር ከአንድ ኩርባ ላይ ተንሸራቶ ጥሎት ነበር። የኋላው ጎማ በካቴናው በኩል ዘይት በዘይት ሆኖ ተገኘ። የእጁ አንጓ ተሰብሮ በጀሶ ታሰረ፤ ሊጎበኛቸው ይጠብቁት የነበሩት ትምህርት ቤቶችም ሳምንታት ሳያዩት ቀሩ። እሱ ግን «ወረቀቱ እንዳይነካ ስለሚል አልነካሁትም» ነው ያለን። ይህች ቃል ከስድብ በላይ አሳመመችን።

ወደ ጋሼ ተመልሰን ሄድን። ነገሩን ሰምተው ዝም አሉና «ነግራችሁት ነበር?» ብለው ጠየቁ። አንገታችንን ደፋን። «እኔ ለእናንተ ነገርኩ፤ እናንተ ለእሱ አልነገራችሁም። የተበጠሰው እዚያ ጋ ነው» አሉ እንጂ ሌላ አልተቆጡም።

በዚያው ማታ ማስተላለፍ የነበረብንን ሁሉ በስልክ ነገርነው፦ ጎማው በሳሙና ይታጠብ። ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ተነድቶ ዘይቱ ሲሞቅ ይቁም፤ በሰዓት ይቆጠር። ካርቶን ይቁምና ይታይ። ጎማው ጎን ዘይት ካለ ይጥበብ፤ ካቴናው ከደረቀ ወይም ከቀላ ጥቂት ይስፋ። ወቅት ሲለወጥ እንደገና ይቆጠር። በታናሽ ልጁ እጅ አስቆጥሮ ደወለልን። በእኛ ልክ፣ በቀትር፣ በደቂቃ አራት ነበር! አሁን እጁ ድኖ ይነዳል፤ ጠብታውንም ራሱ ያስተካክላል።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ተቋም ስንወጣ አብዛኞቻችን የምንመደበው ከአዲስ አበባ ውጭ ነው። በሻንጣችን የምንይዘው የትምህርት ዕቅድ እዚህ፣ በመለማመጃ ክፍል፣ በምናውቃቸው ልጆች ላይ የተለካ ነው። ስንደርስ መጀመሪያ መቁጠር ይኖርብናል፤ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይባላልና። ከእኛ ለሚረከቡ ሰዎችም ልኩን ብቻ ሳይሆን አለካኩን እናስረክብ።

ያንን የመጀመሪያውን ባለነጠብጣብ ካርቶን ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፈነዋል። ዘይቱ ገና ስላልደረቀ ልብሳችሁን እንዳያስነካችሁ ተጠንቀቁ።