ተርቦ

ባለፈው ጥር ለእናታችን ሙት ዓመት ወደ ቆቦ ወርጄ ነበር። ወልድያ መናኸሪያ የተቀበለኝ የእህቴ ልጅ ነው። ልጅ አልኩት እንጂ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሚኒባስ ይነዳል። ሚኒባሱ የእሱ ነው እንዳልል ታሪኩ ረጅም ነው። ሩብ ያህሉን አባቱ ከማሽላና ከሽንኩርት ያጠራቀመው ነው፤ ሩብ ያህሉ የእናቱ ዕቁብ ነው፤ የቀረውን ታላቅ ወንድሙ ከአሜሪካ፣ ከዴንቨር ልኮታል። ስለዚህ ያ መኪና ባስነጠሰ ቁጥር አራት ሰው ነው «ይማርህ» የሚለው።

መኪናው እስኪሞላ ጠብቀን ተነሣን። «ጸሎቱ እንዳያመልጠን፣ እስቲ ቶሎ በለው» አልኩት። ይህችን ዐረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በኋላ መስታወቱ ላይ ኒሳን ጂቲአር የሚባለው የስፖርት መኪና ሥዕል ተለጥፏል። ያ መኪና በፈረንጆቹ 2007 ለገበያ ሲቀርብ 480 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የእኛ ሚኒባስ ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው፤ ጉልበቱም አንድ መቶ ፈረስ አካባቢ ነው።

«ምን አገናኛቸው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሁለቱም እኮ ተርቦ ናቸው!»

ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ጣልያን ጥሎልን ከሄደው ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ቀጥሎ የመጣ የጋራዥ ቃል ነው። በእኛው አማርኛ ግን «ተርቦ» ማለት እህል ያላገኘ፣ ሆዱ የተጣበቀ ሰው ማለት ነው። በራያ ሜዳ ይህ ቃል ለቀልድ አይመችም። ከቆቦ ወደ ሰሜን አላማጣን አልፎ ግራ ካሕሱን ሲወጡ ኮረም አለች፤ በ1977 ዓ.ም. የዓለም ካሜራ የተደረደረባት ኮረም። የእህቴ ልጅ የዚያ ዘመን ሰው አይደለም። ለእሱ «ተርቦ» የኩራት ቃል ነው።

ጎብዬን እንዳለፍን ጥያቄውን አመጣው። አዲስ አበባ አንድ ባለሙያ አግኝቷል። ሰውየው የመኪናውን ኮምፒዩተር ከፍቶ መመሪያውን ይለውጠዋል፤ ተርቦው አሁን ከሚገፋው የበለጠ አየር ይገፋል፣ ናፍጣውም በዚያው ልክ ይጨመራል፤ ጉልበቱ ከመቶ ወደ መቶ ሠላሳ ያድጋል። ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ዋጋው ዘጠና ሺህ ብር።

«ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ላስደርገው ወይስ ይቅርብኝ?»

እኔ የተማርኩት ልቦለድ ነው። ነገር ግን ዘጠና ሺህ ብር የእህቴ ዕቁብ ነውና «አላውቅም» ብዬ ልገላገል አልቻልኩም።

ማታ ከድግሱ በኋላ ወጉ ቀጠለ። የእህቴ ባል ነገሩ ከሥሩ እንዲነገረው ፈለገ። ልጁ አስረዳ፦ ሞተር ናፍጣ ሲያቃጥል ጭሱ በከፍተኛ ግፊት ይወጣል፤ ድሮ ዝም ብሎ በማርሚታ በኩል ይባክን ነበር። ተርቦ ግን ያንን የሚባክን ጭስ ይጠልፍና ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞርበታል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላው ተሽከርካሪ ከውጭ አየር እየሳበ ወደ ሞተሩ ያጭቃል። አየሩ ሲበዛ ናፍጣውም ይበዛል፤ ጉልበቱም ይጨምራል።

ሽማግሌው ሳቀ። «ይኼማ የእኛው ጎርፍ ነው!» አለ።

እውነቱን ነው። የራያ ገበሬ ዝናብ ሜዳው ላይ እስኪዘንብ አይጠብቅም። ምዕራቡ ተራራ ላይ ሲዘንብ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ፣ በቦይ መርቶ ማሽላውን ያጠጣል። አለበለዚያ የሚባክን፣ ካልተገራም የሚያጠፋ ኃይል ነው። ሽማግሌው ግን በሳቁ አላቆመም። «ቦዩን ማስፋት ቀላል ነው። አንድ ጧት በአካፋ ይሰፋል። ክትሩ ግን አብሮ ካልጠነከረ ጎርፉ ማሽላውን አያጠጣም፣ ይዞት ነው የሚሄደው። ያንተ መኪና ክትሩ ምኑ ነው?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ቆይቶ ግን በስልክ ከዴንቨር መጣ።

ወደዚያ ከመሻገሬ በፊት ያነበብኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የተርቦን ሐሳብ ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በፈረንጆቹ 1905 አስመዝግቦታል። በ1918 ደግሞ አሜሪካኖች አንድ የአውሮፕላን ሞተር ጭነው ከዴንቨር በስተደቡብ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ወጡ፤ ከ4300 ሜትር በላይ ነው። ለምን ተራራ? ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ ሞተር ጉልበት ያጣል። እዚያ ተርቦ ሲገጠምለት ሞተሩ በዝቅተኛው ምድር የነበረውን ጉልበት መልሶ አገኘ። ልብ በሉ፣ ተራራ ላይ የተፈለገው ከፍታ የወሰደበትን መመለስ ነበር። ኮረም ከፍታዋ 2500 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ ለእኛ አገር ቅንጦት አይደለም ለማለት ነው።

ታላቅ ወንድሙ ዴንቨር ውስጥ ባለ ተርቦ የስፖርት አውቶሞቢል ነበረው። ከዓመታት በፊት እሱም ይህንኑ አስደርጎ ነበር፤ እስከዚያ ማታ ድረስ ግን ለማንም አልተናገረም።

«ስምንት ወር በደስታ አበድኩ» አለን። «ከመብራት ስነሣ ወንበሩ ጀርባዬን ይመታኝ ነበር። በዘጠነኛው ወር ፒስተኑ ተሰበረ። ሞተሩን ለማሠራት ያወጣሁት ከመኪናው ዋጋ ግማሽ በለጠ። ጥፋቱ የመኪናው አልነበረም። ቸኩዬ ነው።»

ከዚያ ታናሽየውን እንደ ተማሪ ይፈትነው ጀመር። የገባቸው ሰዎች ጉልበት ከመጨመራቸው በፊት ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን ያያሉ፤ ማቀዝቀዣውን ያሳድጋሉ፤ ፍሬኑንና ጎማውን ይለውጣሉ፤ ካምቢዮው ይችል እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ መኪናውን መመዘኛ ማሽን ላይ አቁመው ትንሽ በትንሽ ይጨምራሉ። «ያንተ ሰውዬ መመዘኛ አለው?»

«ላፕቶፕ አለው» አለ ልጁ።

ሁላችንም ሳቅን። ዴንቨር ያለው ብቻ አልሳቀም። «ስማኝ፣ የእኔ መኪና የምትጭነው እኔን ነበር። ያንተ ስንት ሰው ትጭናለች?»

ለፍትሐዊነት ያህል ልጁም ክርክር ነበረው፤ አብዛኛው እውነት ነው። ኮንትራት ይዞ ግራ ካሕሱን ሲወጣ መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው። የሚያዘግም ከባድ መኪና ለመቅደም ጉልበት ያጠረው ሚኒባስ በሰው መስመር ላይ ብዙ ሰከንድ ይቆያል፤ ያም ሞት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምልልስ አለ። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ተራ ይይዛል፣ ቀድሞ ይጭናል።

ወረቀት አውጥቼ አብረን አሰላን። ከወልድያ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአማካይ በ60 ቢሄዱ 50 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ75 ቢሄዱ 40 ደቂቃ። በዘጠና ሺህ ብር የሚገዛው 10 ደቂቃ ነው። «ዛሬ ወልድያ ሰው እስኪሞላ ስንት ቆምን?» አልኩት። አሰበና «ከአንድ ሰዓት በላይ» አለ። «ኬላው ላይስ?» «ሃያ ደቂቃ።» ጊዜው የሚሰረቀው ቆመን በምንጠብቅበት ነው፤ እሱ ግን ሌባውን አስፋልቱ ላይ ይፈልጋል። ዘንድሮ በእኛ በኩል መንገዱ ራሱ ሲከፈትና ሲዘጋ መኪናው ቆሞ የሚያድርባቸው ቀኖች አሉ። እነሱን የሚያሳጥር ተርቦ አልተሠራም።

ሌላውን ስሌት የትምህርት ቤት ፊዚክስ ይነግረናል። ፍጥነት ከ80 ወደ 100 ሲያድግ ጭማሪው ሩብ ይመስላል፤ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል ግን ከግማሽ በላይ ይጨምራል። 120 ከደረሰ ከእጥፍ ያልፋል። ኮምፒዩተሩን የሚቀይረው ሰው ደግሞ የፍሬን ሸራውን አይነካውም። ክትሩ ይህ ነበር።

እህቴ ይህ ሁሉ ሲወራ ቡናዋን እያፈላች አንድ ቃል አልተናገረችም። ለምን ዝም እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን። በ1997 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማችን የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሽንኩርት ጭነው፣ ገበያ ይቀድመናል ብለው፣ ከልክ በላይ በጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ሲጣደፉ ፍሬኑ እምቢ አለ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የእህቴ ልጅ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ከዚያ ወዲህ እህቴ ገቢና ተቀምጣ አታውቅም፤ የልጇም መኪና ቢሆን።

ሕዝባችን ለመኪና ስም ሲያወጣ ጥሩ ሃያሲ ይወጣዋል። ሚኒባሱን «ዶልፊን» ይለዋል፣ «አባዱላ» ይለዋል። የሚበረውን አይሱዙ ግን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር» አለው። ስንስቅ ያወጣነው ስም ነው፤ ሐዘንተኛ ቤት ውስጥ ግን አያስቅም። መንግሥትም በሕዝብ ማመላለሻና በጭነት መኪኖች ላይ የፍጥነት መገደቢያ ይገጠም ካለ ዓመታት አለፉ። እኛ በአንድ እጃችን ልጓም እንገጥማለን፣ በሌላው አለንጋ እንገዛለን።

በማግስቱ ሚኒባሱን ወደ አንድ ቀድሞ ወደሚያውቀው መካኒክ ወሰድነው። ምክሬ አንድ ብቻ ነበር፦ ከመጨመርህ በፊት የጎደለ እንደሆነ እይ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ የአየር ማጣሪያውን አወጣ። የራያ አቧራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶታል። ከተርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደው የጎማ ቱቦም ተሰንጥቆ ያፏጫል። ለካስ የተጠለፈው ጎርፍ ማሽላው ጋ ሳይደርስ በመንገድ ይፈስ ነበር! ሞተሩ ተርቦ ነበር፤ በአማርኛው ማለቴ ነው።

ማጣሪያውም ቱቦውም ተቀየረ። ወጪው ከዘጠና ሺው አንድ አሥረኛ አልደረሰም። ከቀረው ገንዘብ አዲስ የፍሬን ሸራና ሁለት የፊት ጎማ ተገዛ። ልጁ ወጣ ብሎ ሞከረውና ፊቱ በርቶ መጣ። «ጋሼ፣ ሌላ መኪና ሆነ!» ያው የድሮው ነው፤ ያጣው ነው የተመለሰለት። ታዲያ አዲስ አበባ ያለውን ሰውዬ ትተኸዋል ወይ ብዬ ስጠይቀው «ለጊዜው» አለኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ላይ ያለ ሰው ከዚህ በላይ ቃል ቢገባ አላምነውም ነበር።

ስመለስ ወደ ወልድያ ያደረሰኝ እሱ ነው። በእናቱ ፊት የተነሣ ሹፌር ነውና ከ70 አልበለጠም። ሮቢትን እንዳለፍን ከኋላ አንድ ሰው «ሹፌር፣ ተኝተሃል እንዴ?» ብሎ ጮኸ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሌላው «ንዳው እንጂ!» ብሎ አገዘው። የልጁ አንገት ሲቀላ፣ እግሩም ወደ ነዳጁ ሲወርድ አየሁ።

ያን ጊዜ «እስቲ ቶሎ በለው» ያልኩት ትዝ አለኝ። ዘጠና ሺህ ብሩን የሚያስከፍለው የአዲስ አበባው ሰውዬ ብቻ አልነበረም። ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ፈጣኑን ሹፌር «አንበሳ» የምንለው፣ ቀስ ያለውን የምንስቅበት እኛ ነን። ሲገለበጥ ደግሞ «የሹፌሩ ጥፋት ነው» ብለን የምናዝነውም እኛው ነን።

ዞር ብዬ የጮኸውን ሰው አየሁት። የእኔ እኩያ ነው፣ ጋቢ የለበሰ።

«ወንድሜ፣ ምን አስቸኮለህ? የሚጠብቅህ ሰው አለ?» አልኩት።

«ኧረ ማንም የለም» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «እንዲያው ነው።»