ሁዳዴን በላሌሊ

ኢስታንቡል ለዕቃ የሚመላለሱ እህቶቻችን ሻንጣ በሁዳዴ ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ጭኖ ይሄዳል፤ ልብስና ጫማ ጭኖ ይመለሳል። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እዚያ ምን ይበላል ብለህ ነው! አገሩ እንዳለ ሥጋና አይብ ነው።» እኔም በጾም ላሌሊ ሰንብቼ ስለነበር የታዘብኩትን ላካፍላችሁ። የጾም ምግብ ኢስታንቡል ውስጥ ሞልቷል። የሚቸግረው የሚሸጥበትን ቦታና አጠያየቁን ማወቅ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን። ላሌሊ በአሮጌው ከተማ፣ በባያዚትና በአክሳራይ መካከል ያለ የጅምላ ልብስ ሰፈር ነው። ከሆቴል ስትወጡ ዓይናችሁ የሚያርፈው እሳት ፊት በሚሽከረከረው ዶነርና ፎቶ በሞላበት የምግብ ዝርዝር ላይ ነው። እዚያ የተቀመጠ ጾመኛ ዕጣው ሰላጣና የተጠበሰ ድንች ነው። ከዋናው መንገድ ጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ግን ጨርቅ የሚሸከመው፣ ልብስ የሚሰፋው፣ ሱቅ የሚጠብቀው ሰው ምሳውን የሚበላባቸው ቤቶች አሉ። ኤስናፍ ሎካንታሲ ይሏቸዋል፤ የነጋዴና የሠራተኛ ምግብ ቤት ማለት ነው። ጠዋት የተሠራው ሁሉ በትሪ በትሪ ሆኖ ከመስታወት ጀርባ ይደረደራል። ቋንቋ ባታውቁ በጣት ማሳየት ይበቃል። ሳያዝዙ በፊት ማየት ደግሞ ለጾመኛ ትልቅ ነገር ነው።

ከትሪዎቹ መካከል የማይሞቁትን ፈልጉ። ቱርኮች በወይራ ዘይት ተሠርተው ቀዝቅዘው የሚበሉ፣ ራሳቸውን የቻሉ የምግብ ዓይነቶች አሏቸው፤ ዜይቲንያሊ ይሏቸዋል። ቅቤና ጮማ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ አፍ ውስጥም ይጣበቃል፤ የወይራ ዘይት በክፍል ሙቀት እንዲህ አይሆንም። ስለዚህ ቀዝቅዞ የሚቀርብ የአትክልት ወጥ በቅቤ የመሠራቱ ዕድል ትንሽ ነው። እኛ ሁዳዴን ስንይዝ እዚያ ብርዱ ገና ስለማይወጣ ትሪው ላይ የምታገኙት ባሮ ሽንኩርት ከካሮትና ከጥቂት ሩዝ ጋር፣ ወይም የሰለሪ ሥር ነው። ወደ ትንሣኤ ሲቃረብ አርቲቾክ ይመጣል። ባርቡንያ የሚሉት ዥንጉርጉር ቦሎቄና በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል ደግሞ ወቅት አይጠብቁም። በርበሬ ለለመደ ምላስ ሎሚና ዘይት ብቻውን መጀመሪያ ላይ ጭር ይላል፤ ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ መያዝ ነውር የለውም። ብዙ ቤቶች እነዚህ ወጦች ላይ ትንሽ ስኳር ጣል ስለሚያደርጉ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህንንም ይጠይቅ።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ። የመጀመሪያው የምስር ሾርባ ነው። መርጂሜክ ይሉታል፤ በየቤቱ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ከሎሚና ከዳቦ ጋር ይቀርባል፣ ለእኛም ክክ ወጥን ያስታውሳል። ነገር ግን አንዳንዱ ቤት በአጥንት መረቅ ይሠራዋል፤ ሌላው በቅቤ ያቁላላውን ቀይ በርበሬ በመጨረሻ ላዩ ላይ ያፈስበታል። ሁለተኛው ሩዝ ነው። ነጭና ንጹሕ መስሎ ይታያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ቅቤ ወይም የዶሮ መረቅ አለበት። ሦስተኛው ኩሩ ፋሱልዬ የሚሉት የነጭ ቦሎቄ ወጥ ነው፤ ሥጋው ተለቅሞ ቢወጣላችሁም መረቁ የሥጋ ነው። ዳቦ ቤትም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ፖአቻና አችማ የሚሏቸው ለስላሳ ዳቦዎች ወተት፣ ቅቤ ወይም እንቁላል ይገባባቸዋል። በረመዳን የሚጋገረው ክብ ፒዴ ፊቱ እንዲያበራ ብዙ ጊዜ እንቁላል ይቀባል። ሰሊጥ የለበሰው ቀለበት ዳቦ፣ ሲሚት፣ በልማዱ ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከእርሾና ከወይን ሽሮፕ የሚሠራ ስለሆነ ጠዋት በጋሪ ሲሸጥ ብትገዙት ብዙም አያሰጋም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቺ ኮፍቴ ነው። ድሮ በጥሬ ሥጋ ይሠራ የነበረ ምግብ ነው፤ ክትፎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ለጤና ሲባል ጥሬ ሥጋ ያለበትን በሱቅ መሸጥ ስለተከለከለ ዛሬ በየመንገዱ ባሉት ትንንሽ ሱቆች የሚሸጠው በቡልጉር ስንዴ፣ በቲማቲምና በበርበሬ ድልህ፣ በኢሶት በርበሬና በሮማን ሽሮፕ የታሸ ነው። በሰላጣ ቅጠል ወይም በስስ ቂጣ ጠቅልለው ይሰጧችኋል። ያቃጥላል፣ ያጠግባል፣ ኪስም አይጎዳም። ከአዲስ አበባ የሄደ ጾመኛ በመጀመሪያው ቀን ሊያገኘው የሚገባ ምግብ ቢኖር ይህ ነው።

ስለ አጠያየቁ። «ጾም ላይ ነኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። ለቱርኩ አስተናጋጅ ጾም ማለት ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃም አለመቅመስ ነው፤ ጾመኛ ነኝ የሚል ሰው በቀትር ወጥ ሲመርጥ ቢያይ ግራ ይጋባል። በ2018 ዓ.ም. የእኛ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለገቡ ግራ መጋባቱ ይብስ ነበር። «ቬጀቴሪያን» ማለትም አያዋጣም፤ አይብና እንቁላል ይዞ ይመጣል። «ኤት ዮክ»፣ ሥጋ የለም፣ ማለት ብቻውንም አይበቃም፤ በዕለት ተዕለት ንግግር ኤት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የበግና የከብት ሥጋ ስለሆነ ዶሮ ሊመጣላችሁ ይችላል። ስለዚህ እየዘረዘራችሁ ተናገሩ፦ ኤት ዮክ፣ ታቩክ ዮክ፣ ሱት ዮክ፣ ዩሙርታ ዮክ፣ ቴሬያ ዮክ፤ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ የለም። ዮጉርት ደግሞ ሳትጠይቁ ላዩ ላይ ሊደረግ ስለሚችል እሱንም ጨምሩበት። ዝርዝሩን በቱርክኛ አስጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ ብትይዙት የበለጠ ይቀላል።

አንድ ዘዴ ልጨምር። «ቅቤ አለበት?» ብላችሁ ስትጠይቁ አስተናጋጁ ሊያስደስታችሁ ብሎ «የለም፣ የለም» ይላችኋል። ክፋት የለበትም፤ እንግዳ እንዳይከፋው ነው፣ እኛም አገር እንዲሁ ነው። «በምን ዘይት ነው የተሠራው? ውኃው ተራ ውኃ ነው መረቅ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን አዎን ወይም አይደለም ብሎ ሊያልፋችሁ አይችልም፤ ካላወቀ ወጥ ቤቱን ይጠራል። ወጥ ቤቱን «አቢ» ብላችሁ አናግሩት፤ እንደ እኛ ወንድም ጋሼ ያለ አጠራር ነው። ሥራው ተጠይቆ የማይደሰት ወጥ ቤት እምብዛም አይገኝም።

የሰዓት ነገርም አለ። እነዚህ ቤቶች የሚሠሩት ለምሳ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሲደርስ ጥሩ ጥሩዎቹ ትሪዎች ባዶ ሆነው ይጠብቁታል። መላው ቀላል ነው፦ በምሳ ሰዓት ገብታችሁ «ፓኬት» በሉ፣ ይታሰርላችኋል። የወይራ ዘይት ምግብ መሞቅ ስለማይፈልግ ሆቴል ወስዳችሁ በሰዓታችሁ ትበሉታላችሁ። ያ ቅዝቃዜ እዚህ ላይም ጠቀመን ማለት ነው።

ደግሞም ኢስታንቡል ውስጥ እንደ እኛ ሥጋና ወተት ትቶ የሚጾም ሕዝብ የሌለ አይምሰላችሁ። ከላሌሊ በእግር የሚደረስበት ኩምካፒ የአርመን ፓትርያርክ መንበር ያለበት ሰፈር ነው፤ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የእኛይቱ እህት ናት። የኢስታንቡል አርመኖች በዐቢይ ጾም የሚሠሩት ቶፒክ የሚባል ምግብ አላቸው። ሽምብራና ድንች ተቀቅሎ ይደቅና እንደ ሊጥ ይሆናል፤ መሐሉ ላይ ለረጅም ሰዓት የበሰለ ሽንኩርት ከጠሂና፣ ከትንንሽ ዘቢብና ከቀረፋ ጋር ይገባል። ቀዝቅዞ ይበላል። ኩርቱሉሽ በሚባለው ሰፈር ባሉ የመክሰስ ሱቆች ይገኛል። የእኛ እናቶች ሽምብራውን ፈጭተው ሽሮ አደረጉት፣ የእነሱ ደቁሰው ቶፒክ፤ ሁለቱንም ያስገደዳቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሥጋም ወተትም በሌለበት ቤተሰቡ በምን ይጥገብ?

ከዚህ ተነስቼ ለየትኛውም አገር የሚሆን አንድ ነገር ልበል። በየአገሩ የሆነ ነገር ትቶ የሚበላ ሕዝብ አለ፤ በሃይማኖት፣ በልማድ ወይም በኑሮ ምክንያት። እሱን ፈልጉ። ከዚያ ደግሞ የእሱ ድንበር ከእኛ ድንበር የሚለይበትን ቦታ እወቁ። ለሕክምና ሕንድ የሚሄድ ሰው የታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ያያል፤ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም ማለት ነው፣ ወተትና ቅቤ ግን ሊኖርበት ይችላል። እስራኤል ውስጥ ፓርቬ የተባለ ምግብ ሥጋም ወተትም የለበትም፤ እንቁላልና ዓሣ ግን ይፈቀድበታል። ግሪኮች በጾማቸው ዳቦ ቤቱንም ምግብ ቤቱንም በጾም ምግብ ይሞሉታል፤ ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ግን ለእነሱ ጾም ነው፣ ለእኛ አይሆንም። ባንኮክ ውስጥ ቢጫ ሰንደቅ ላይ በቀይ ፊደል ጄ ተብሎ የተጻፈበት ቤት ከእኛም ይጠብቃል፤ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት አልፎ ነጭና ቀይ ሽንኩርት እንኳን አይነካም። ዓሣው ላይማ እኛው በእኛው ስንከራከር እንኖራለንና ሌላውን አገር በዚህ አልወቅሰውም።

«ለጥቂት ቀን ጉዞ ይህ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው? ቆሎዬን ቆርጥሜ ብመለስስ?» የሚል አይጠፋም። ቆሎውን አልነቅፍም፤ ለአውሮፕላንና ለመሸበት ቀን ጓደኛ ነው። አየር መንገዶችም የጾም ወይም የቪጋን ምግብ የሚያቀርቡት በአብዛኛው ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ለጠየቀ ነው፤ ይህን ረስቶ የሄደ ሰው ቆሎውን ያመሰግናል። ነገር ግን ሆቴል ክፍል ዘግቶ መቆርጠምን እንደ ትልቅ ተጋድሎ የሚያይ አስተሳሰብ አለ፤ እሱን አልቀበለውም። ጾሙ የሚከለክለው ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ነው፤ የሰው አገር ምግብን አይከለክልም። እንዲያውም ላሌሊ ያስተማረኝ ተቃራኒውን ነው። ሁሉን የሚበላ መንገደኛ ዋናው መንገድ ላይ ኬባቡን በልቶ ያልፋል፤ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ጾመኛው ግን የግድ ጓሮ መዞር፣ ወጥ ቤቱን ማነጋገር፣ ምግቡ በምን እንደተሠራ ማወቅ አለበት። በአጭር ጉዞ ከአንድ ከተማ ሕዝብ ጋር ለመተዋወቅ ከዚህ የተሻለ ሰበብ አላውቅም።

ጓንጉዡና ባንኮክ የምትመላለሱ፣ የእናንተን ወጥመዶች ጻፉልን፤ በተለይ ሶስ ውስጥ ተደብቆ ስለሚገባው ዓሣና ኦይስተር። ዱባይ ያላችሁ ደግሞ የሕንዶቹን ቤቶች አጠያየቅ ንገሩን። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በዚህ መሐል ፓስፖርቱን የሚያነሳ ነጋዴ፣ ታማሚና አስታማሚ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ከዜሮ ከሚጀምር እኛ የደረስንበት ላይ ይጀምር።